ከክፍል የቀረ የለም

ከእሱ ጋር የተዋወቅነው ተሰዳድበን ነው።

ትምህርት አልቆ እንደወትሮው የሰፈራችንን ልጆች በሰልፍ ሰፊውን መንገድ ላሻግር ስል፣ አንድ ሚኒባስ ታክሲ እየበረረ መጥቶ አፍንጫችን ሥር ሲደርስ ቆመ። ጎማው ጮኸ፣ ልጆቹም ጮኹ። እኔ ግን አልጮህኩም፤ በያዝኩት ጃንጥላ የመኪናውን ግንባር ነረትኩት።

«እረፊ እንጂ ሴትዮ! ቆምኩ አይደል እንዴ?»

«ገድለህ ብትቆምስ ኖሮ?»

«ፍሬኔ በደንብ ይሠራል!»

«ጭንቅላትህስ?»

ሊመልስልኝ ከመኪናው ወረደ። ይሄኔ ከሰልፉ መሃል አንዲት ተማሪዬ «አጎቴ!» ብላ ሮጣ ተጠመጠመችበት። ፊቱ አመድ መሰለ። የእህቱ ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ የሚያሳድጋት እሱ ነው። ልጅቷን አቅፎ ቀና ብሎ አየኝ። ነገሩ የጀመረው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ግን ደሜ ፈልቶ ስለነበር አላወቅኩትም።

ሰፈራችን ትምህርት ቤት የለውም ነበር። ልጆቻችን ከባድ መኪና የሚግተለተልበትን መንገድ በየቀኑ ተሻግረው ነው የሚማሩት። አንዱን ተማሪዬን መንገዱ በልቶብኛል። በቀብሩ ማግስት መምህራንና ወላጆች ተሰብስበን ኮሚቴ አቋቋምን። ከገበያው ጀርባ ለዓመታት የተዘጋ የመንግሥት መጋዘን አለ፤ እሱን ስጡንና ትምህርት ቤት እናድርገው ብለን እግራችን እስኪቀጥን ተመላለስን። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለን። ዛሬም ሳስበው አንጀቴ ይቃጠላል።

ሹፌሩ ከዚያች ቀን በኋላ ወላጅ ነኝ ብሎ ኮሚቴው ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ «ፍሬን» እያለ ይጠራው ጀመር። ስብሰባ ላይ እኔ ነጭ ስል እሱ ጥቁር ይላል። የቀረ ቀን ግን ስብሰባው አላልቅ እያለኝ ተቸገርኩ።

በስንት ምልልስ ጽሕፈት ቤቱ አጽድታችሁ አሳዩን ብሎ የመጋዘኑን ቁልፍ ሲሰጠን ሁላችንም ተረባርበን ጠረግን፣ ቀለም ቀባን። እሱ ከመሰላሉ ወርዶ፣ ፀጉሩ ኖራ በኖራ ሆኖ አጠገቤ ቆመ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ስለ መጋዘኑ ከሆነ ጠይቅ።»

«ስለ መጋዘኑ አይደለም።»

«እንግዲያው ቀለሙ ይድረቅ።»

ሳቀ። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የተቀባውን ደግሜ መቀባት ጀመርኩ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በቂ ልጅ መኖሩን በዓይኔ አይቼ እወስናለሁ፣ ካልሆነ መጋዘኑን የሚፈልግ ነጋዴ አለ ብሎ ቀን ቆረጠልን። ፍሬን ስብሰባው ላይ ወዲያው እጁን አወጣ።

«ልጆቹን ከትምህርት አስቀርተን እናሰልፍለት። ይያቸው።»

«ምን አልክ? ትምህርት ቤት ለመክፈት ብዬ ትምህርት ላስቀር? በሕይወቴ አላደርገውም!»

መምህራኑ አጨበጨቡልኝ፤ ወላጆቹም ተከተሉ። ደግሞ እኮ የኛ ሰፈር ወላጅ፣ ልጁ ከክፍል ከሚቀር እሱ ከሥራ ቢቀር ይመርጣል።

በተባለው ቀን እንደዚያው ሆነ። ወላጅ ሁሉ ከሥራው ቀርቶ፣ የክት ልብሱን ለብሶ መጋዘኑ በር ላይ ተሰለፈ። እኔም ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። ኃላፊው ከመኪናው ወርዶ ግራ ቀኝ አየ።

«ልጆቹ የታሉ?»

«ትምህርት ላይ ናቸዋ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ከክፍል የቀረ የለም።»

«እንግዲያው ትምህርት ቤት አላቸው ማለት ነው» አለና ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባ።

ዓይኑን በጨው አጥቦ በገዛ ትጋታችን ፈረደብን! የምሰድበው ሰው አጣሁና ፍሬን ላይ ዞርኩ።

«ነግሬሽ ነበር ብትል ውርድ ከራሴ!»

«አልልም» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ቲቸር፣ አንቺ ብዙ ተማሪ አለሽ። እኔ ያለችኝ የእህቴ ልጅ ብቻ ናት።»

ትቶኝ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ ወሬው ደርሷት ጠበቀችኝ።

«እሰይ! ከሹፌር ጋር ስትንከራተቺ የምታተርፊው ይሄንኑ ነው። ባንክ የሚሠራው የጎረቤታችን ልጅ ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም እማዬ። ለዚህ ነው የማይናደደው።»

አልተኛሁም። በነጋታው ታክሲ ተራ ሄድኩ። ፍሬን መኪናውን እያጠበ ነበር፤ አየኝና ጨርቁን መጭመቁን ቀጠለ።

«ነገ ጠዋት መንገዱን ዝጋልኝ» አልኩት።

«መንጃ ፈቃዴን ይወስዱታል።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ እንጀራዬ እሱ ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ውሃው ከጨርቁ ላይ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል፤ ሁለታችንም እሱን እናያለን።

«እየለመንሽኝ ነው እያዘዝሽኝ?»

«እየተናደድኩ ነው።»

«እሺ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔ በዚያች እሺ ነው የወደቅኩት፤ ለምን እዋሻለሁ?

በማግስቱ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሰፈሬን ልጆች ከየክፍሉ ጠራርቼ አወጣኋቸው። ርዕሰ መምህሩ «አብደሻል?» እያለ እስከ በር ተከተለኝ። መንገዱ ጋ ስንደርስ ሚኒባሱ አግድም ቆሟል። ጡሩንባ ጆሮ ይበሳል፤ የከባድ መኪና ሹፌሮች በስድብ ያጥቡታል። እሱ መሪው ላይ ክንዱን አስደግፎ ዝም ብሎ እኛን ያያል። ልጆቹ ትምህርቱ እንዳያመልጣቸው ማባዣቸውን ጮክ ብለው እየቆጠሩ ተሻገሩ። ዞር ብዬ ሳየው ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ዘርግቶለት ነበር፤ እሱም መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ሰጠው።

ከመንገዱ ማዶ ያለው የጽሕፈት ቤቱ ግቢ በልጅ ተሞላ። ኃላፊው እየሮጠ ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ? በትምህርት ሰዓት?»

«ልጆቹ የታሉ አላሉኝም? እነዚሁልዎት። አሁን ደግሞ እርስዎ ይመልሷቸው!»

«እኔ?»

«ግራና ቀኝ ይያዙና ያሻግሩ። ከዚህ ግቢ ሌላ መንገድ የለም!»

ወላጆችም ደርሰው በሩን ሞልተውት ነበርና ምርጫ አልነበረውም። የፍሬንን የእህት ልጅ በአንድ እጁ፣ ሌላ ሕፃን በሌላው ይዞ መንገዱ ዳር ቆመ። ሚኒባሱ ተነሥቶ መንገዱ ተከፍቷል። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል። አንድ እግሩን ያወርድና መልሶ ይሰበስባል። አንድ ከባድ መኪና አጠገቡ ሲያልፍ ክራቫቱን ነፋሱ ትከሻው ላይ ጣለው። ላቡ በጉንጩ ወረደ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለ።

«ዛሬ እንኳን ቀስ ይላሉ» አለችው ልጅቷ።

ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። እኔ ተማሪ ከክፍል አስወጥተሻል ተብዬ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ተዛወርኩ። ፍሬን መንጃ ፈቃዱ ታግዶ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ያጥባል። በምረቃው ቀን ማንም አልጠራንም፤ አጥሩ ሥር ቆመን በሽቦው ቀዳዳ እናያለን። ኃላፊው ማይክራፎን ጨብጦ «ይህ ድል መሥሪያ ቤታችን ባደረገው የቅርብ ክትትል የተገኘ ነው» ሲል ሽቦውን ጨምድጄ ያዝኩት። ተማሪዬን የቀበርኩበት ቀን እንኳን እንዲያ አልተቃጠልኩም።

እናቴ ከእንግዶቹ መሃል ተቀምጣ ነበር። ብድግ አለች።

«ውሸታም! ክትትል ይበልህ! ያስከፈቱት እነዛ ውጪ የቆሙት ናቸው! ልጄና አማቼ!»

ሰው ሁሉ ወደ አጥሩ ዞረ። እኔ መሬቱ ቢከፈት በገባሁ። ፍሬን ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ፤ ጆሮው ቀልቷል።

«ቲቸር… ሰማሽ ያሉትን?»

«አልሰማሁም!»

«ልጠይቅሽ እንጂ እንግዲህ። ወይስ እስኪበርድልሽ ልጠብቅ?»

«አይበርድልኝም! እስክሞት አይበርድልኝም!»

«እኔም አይበርድልኝም» አለ። «አብረን እንናደዳ።»

ውስጥ ደወል ተደወለ። ልጆቹ እየተጋፉ ወደ ክፍላቸው ሲገቡ፣ መንገድ ሳያቋርጡ ሲገቡ፣ በሽቦው ቀዳዳ አየን። እንባዬን በእጄ ጀርባ ጠረግኩና «እሺ!» አልኩት። ስድብ ነበር የሚመስለው፤ እሱ ግን እጄን ያዘ።