ያልበራው ኩራዝ

በጸልማር መንግሥት፣ ውርጭ ወንዙን እንደ ብረት ባጠነከረበት ወር፣ በሐመዶር ተራራ ጀርባ ላይ ለምለም ሣር በቀለ። ሕዝቡ «ተራራው ታረቀን!» እያለ ከበሮ መታ። ንጉሥ ዘርጋድም በሣሩ ላይ ድንኳን አስተክለው በባዶ እግራቸው ጨፈሩ።

ያልጨፈሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች አለቃና በረኛ የሆኑት አባ ጉንድር፣ እንዲሁም ቆፋሪ አባቷ በቅርቡ የሞተባት ወጣቷ ተሊላ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው መሬቱን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «ይሄ በረከት አይደለም፤ ትኩሳት ነው። ነድራ ነቅታለች።»

ነድራ ዓይን የሌላት የእሳት ዘንዶ ናት። ዓለም ሕፃን ሳለች ጎርፍ የቀበረው ጫካ ጥቁር ድንጋይ ሆኖ ሲረጋ፣ እሷም በውስጡ አንቀላፋች። ምግቧ ከሰል፣ ትንፋሿ ነፋስ ነው። እሳት ሲቀርባት ስለምትነቃ፣ ቆፋሪዎች በጉድጓዱ ውስጥ ከሦስተኛው ምሰሶ ወዲያ በዳሰሳ እንጂ በመብራት አይሠሩም።

ተሊላ የሽማግሌውን ክንድ ያዘች። «አባ... እኔ ነኝ። አባቴ በሞተበት ቦታ ኩራዝ አብርቼ መጣሁ። በጨለማ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ።»

አባ ጉንድር ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰበሩ። «አዬ ሞኝት! ዕድሜውን ሙሉ በጨለማ ሲያፏጭ የኖረ ሰው መብራት ምን ያደርግለታል?» አሉ።

«በጥቁሩ ድንጋይ እምላለሁ! የቀሰቀስኳትን ሳላስተኛ አልመለስም!» አለች ተሊላ።

ነገሩን የሰማው ሕዝብ፣ ነድራ ነፋስ እንዳታገኝ፣ የጉድጓዱን የላይኛውን አፍ በጭቃ መረገው። በተራራው እግር ያለውን፣ ነፋስ ወደ ጉድጓዱ የሚገባበትን የነፋስ በር ግን ጭቃ አይችለውም፤ አባቶች ከጠላት ሊሸሸጉበት የሠሩት የድንጋይ በር ነውና መወርወሪያው ያለው ከውስጥ ብቻ ነው፤ የዘጋው ሰው እዚያው ይቀራል። ተሊላ ይህን እያወቀች ወደ በሩ በሚወስደው ዋሻ ገባች። ሽማግሌው ተከተሏት።

ግድግዳው ይተነፍስ ነበር። ከበሩ ወዲያ፣ ከቀላው ጥልቀት፣ የአባቷ ድምፅ ተሰማ። «ተሊላ፣ በረደኝ። በሩን ተዪው።»

ተሊላ ደርቃ ቀረች።

«አባትሽ በረደኝ ብሎ ያውቃል?» አሉ አባ ጉንድር።

«ኧረ በጭራሽ! በውርጭ ደረቱን ገልጦ ነበር የሚሄደው።»

«እንግዲያው እሱ አይደለም፤ ነድራ ናት።»

ተሊላ በበሩ ልትገባ ስትል ሽማግሌው በትከሻቸው ገፍተው ከበሩ ውጭ ጣሏትና እሳቸው ገቡ። «ልጄ፣ ኩራዙን በነጠላሽ ሸፍነሽ ስታልፊ አይቼሻለሁ። ሐዘንሽ አሳዘነኝና ፊቴን አዞርኩ። በረኛው እኔ ነበርኩ፤ ዕዳው የኔ ነው። ብቻ አደራሽን፣ ለኔ መብራት እንዳታበሪ!»

ድንጋዩ ተገጠመ። መወርወሪያው ተወረወረ። ተሊላ ጥፍሯ እስኪነቀል ቧጠጠችው። ከወዲያ በኩል የሽማግሌው ፉጨት ተሰማ፤ አባቷ ሲቆፍር የሚያፏጨው ዜማ ነበር። ከዚያ ቀጠነ። ከዚያም ነድራም፣ ፉጨቱም ዝም አሉ።

በሰባተኛው ቀን ሣሩ ጠወለገ፤ በሐመዶር ላይ በረዶ ወርዶ ሳይቀልጥ አደረ። ሕዝቡ በዚያ በረዶ ላይ ያለ ከበሮ በግንባሩ ተደፋ።

ተሊላ የቆፋሪዎች በረኛ ሆነች። ወደ ውስጥ የሚያልፈውን ሁሉ ትፈትሻለች፤ የሚያለቅሰውን ደግሞ ሁለት ጊዜ። በነፋሱ በር ሥር ዘይት የሞላ ኩራዝ አስቀምጣለች። በየዓመቱ ትወለውለዋለች እንጂ አብርታው አታውቅም።