የዶቅማ ውሃ ችካሎች

አቶ ኪዳነወልድ የተገኙት በግንባራቸው ተደፍተው ነበር፤ ደረታቸው ውሃው ውስጥ፣ እግራቸው ጭቃው ላይ። ለንጋት ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ የወረዱት ሼህ ዓብዱራህማን፣ የሟቹን ኮት በውሃ ተነፍቶ ሲያዩት መጀመሪያ የሞተ በግ መስሏቸው ነበር። ጠጋ ብለው ፊታቸውን ሲያቀኑ የሚያውቁት ሰው ሆነባቸው። ጮኸው ሰው ተጣሩ። ከዳገቱ የወረዱት ሰዎች ግን ከሬሳው ይልቅ ሼሁን አተኩረው አዩ። ከሁለት ሳምንት በፊት በሕዝብ ስብሰባ ላይ «ይህ አጥር ወደ ውሃው ከተጠጋ ደም ይፈሳል» ያሉት እሳቸው ነበሩና።

ዶቅማ በር ከአንኮበር ወዲያ፣ ደጋው ወደ ቆላ ሊወረወር ሲል ጫፉ ላይ የቆመች ትንሽ ከተማ ናት። ከበታቿ በተኛው ውሃ የደጋው ሰው በጥምቀት ታቦት ያወርድበታል፣ የቆላው ሰው ከብቱን ያጠጣበታል። በገበያ ቀን ደግሞ ከአልዩ አምባ የሚወጡ ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን ያሳርፉበታል። በዚህ ዳርቻ ላይ የቱሪስት ሎጅ ለመሥራት ጥያቄ ቀርቦ፣ የወረዳው የፕሮጀክት ገምጋሚ ኮሚቴ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በሕዝብ ፊት ሊወስን ቀጠሮ ይዞ ነበር። አቶ ኪዳነወልድ የኮሚቴው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነበሩ።

ኢንስፔክተር ንጋቷ ከደብረ ብርሃን ተጠርታ ስትመጣ፣ ከጎረቤላ አለፍ ብሎ መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ። ድንች የጫነ አይሱዙ ከመንገዱ ዳር በጎኑ ተኝቶ ነበር።

«ትናንት ከስምንት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት መንገዱን ዘግቶ ዋለ አሉ» አለ ሾፌሯ። «ጎረቤላ ቁርስ ስንበላ ሾፌሮቹ ሲያወሩ ሰማሁ።»

ንጋቷ አይሱዙውን እስኪያልፉት ድረስ አየችው። ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ስታዳምጥ ዝም የማለት ልማድ አላት፤ ይህ ዝምታዋ ብዙ ሰው አስለፍልፏል።

በጤና ጣቢያው አመተ ማርያም የምትባል የጤና መኮንን ጠበቀቻት። የአቶ ኪዳነወልድን ራስ በቀስታ አዞረችና ከኋላ ያለውን እብጠት አሳየቻት።

«ወድቀው ይሆን?» አለች ንጋቷ።

«ድንጋይ ቢሆን ቆዳውን ይቀደው ነበር። ይህ ድብልብል ያለ፣ ከባድ ነገር ነው። አንዴ ነው የተመቱት። ውሃው ውስጥ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ሀይማኖት ቢሮዋ ውስጥ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ የሎጁ ባለቤት አቶ ኃይለ ገብርኤል ቆሟል።

«ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ከዚህ ወጡ» አለች ሀይማኖት። «ከውሳኔው በፊት ዳርቻውን አንዴ ልየው አሉኝ። ጉሙ እየወጣ ነው ብላቸው አልሰሙኝም።»

«እናንተስ?»

«እዚሁ ነበርን» አለ ኃይለ ገብርኤል ቀድሟት። «ሰነዱን እያስተካከልን አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነብን። ጥበቃውን ይጠይቁት።»

ጥበቃው ሲጠየቅ ያንኑ ደገመ። ንጋቷ ሰነዱን ተቀብላ ገለጠች።

«የሎጁ ድንበር "በተተከሉት ችካሎች መስመር" ይላል። ከውሃው ስንት ሜትር እንደሚርቅ አልተጻፈም?»

«አልተጻፈም» አለች ሀይማኖት። «ለክቶ ከሁለት ሳምንት በፊት የተከላቸው ቀያሻችን ሳምሶን ነው። ጋሽ ኪዳነወልድም አረጋግጠውት ነበር።»

ሼሁ ዳርቻው ላይ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቁጭ ብለው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ። ውሃው ያለ ነፋስ ጠቁሮ ረግቷል። ንጋቷ ፖሊሶቹን ራቅ አደረገቻቸውና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«አባቴ፣ ደም ይፈሳል ብለው ነበር?»

«ብያለሁ፤ አልክድም። ግመልና አጥር ሲገናኙ ሰው ይጋደላል ማለቴ ነው። ኪዳነወልድን ግን በምን እጄ? ሃምሳ ሜትር ይራቅ ብሎ የተሟገተልን እሱ አይደለም ወይ?»

ንጋቷ ተነሥታ ጫፋቸው ቀይ ወደተቀባው ሰባት ችካሎች ሄደች። ሦስተኛው ዘንድ ስትደርስ ጎንበስ አለች። ችካሉ የቆመው ሰፊ፣ ክብ ዱካ መሐል ለመሐል ነው።

«ይህ የምን ዱካ ነው?»

«የግመል።»

«ግመል እዚህ የሚመጣው መቼ ነው?»

«በገበያ ቀን ብቻ። ትናንት ገበያ ነበር፤ ጠጥተው ከዐስር ሶላት በፊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተነሡ። ከዚያ ጉሙ ወጣ፤ የገዛ እጄን ማየት አቃተኝ።»

«ያለፈው ሳምንት ዱካ ቢሆንስ?»

«በመሐሉ ሦስት ቀን ዘንቧል፤ ምን ዱካ ይተርፋል?»

ንጋቷ ከችካሉ ጀምራ እየቆጠረች ዳገቱን ወጣች። አርባ እርምጃ ላይ መሬቱ ከጫማዋ በታች ሰረጎደ። ሣሩን ይዛ ስትስበው እንደ ክዳን ተነሣ፤ ከሥሩ ጠባብ ጉድጓድ አለ። በዚያው መስመር ሌሎች ስድስት አገኘች፤ ሁሉም በሣር ተሸፍነዋል።

«ችካሎቹ መነሣታቸውን ጠዋት አላዩም?» አለቻቸው ስትመለስ።

«ሬሳ ያየ ዓይን ችካል አያይም፣ ልጄ።»

ሳምሶን ያን ጠዋት ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ደርሶ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሁለት እጁን ጉልበቱ መሐል አጣብቆ ተቀመጠ።

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ደብረ ብርሃን፣ ወንድሜ አድማሱ ጋ። ከወለጋ ተፈናቅሎ መጠለያ ውስጥ ነው ያለው።»

«በስንት ሰዓት ሄድክ?»

«በዘጠኙ ሚኒባስ። አሥራ አንድ ሳይሞላ ደረስኩ።»

«መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ሰላም ነበር።»

«ወንድምህ ልጆች አሉት?»

«አራት።» እጁን ከጉልበቱ መሐል አወጣ። «በሸራ ሥር ሦስተኛ ክረምታቸው ነው። ትንሿ ሳሏ አልለቃትም።»

ንጋቷ የወንድሙን ስልክ ጠየቀችው። ለመስጠት ዘገየ፤ ግን ሰጣት።

ስምንት ሰዓት ላይ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ቦታ ያጡት መስኮቱን ጋርደው ስለቆሙ ውስጡ ጨልሟል። ለውሳኔ የተጠራው ሕዝብ የመጣው ሼሁ ሲታሰሩ ለማየት ነበር። ንጋቷ አራቱን፣ ሼሁን፣ ሀይማኖትን፣ ኃይለ ገብርኤልንና ሳምሶንን፣ ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው።

«አቶ ኪዳነወልድ ተመትተው ነው የሞቱት» ብላ ጀመረች። «ለምን እንደተመቱ ችካሎቹ ይናገራሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አርባ እርምጃ ከፍ ብለው ቆመው ነበር። አሁን አንዱ የትናንት ግመል ዱካ ላይ ቆሟል። ስለዚህ የተነቀሉት ትናንት፣ ግመሎቹ ከሄዱ በኋላ፣ በጉሙ ውስጥ ነው። ዛሬ ኮሚቴው "በተተከሉት ችካሎች መስመር" ብሎ ቢያጸድቅ ኖሮ የግመሉ መንገድ አጥር ውስጥ ይገባ ነበር። ሼህ ዓብዱራህማን ይህን አያደርጉም፤ የራሳቸውን ሰው ውሃ ማስጠማት ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሚጠቀመው ሎጁ ነው። የሎጁ ባለቤት ግን በዚያ ሰዓት ከሰብሳቢዋ ጋር ቢሮ ነበሩ፤ ጥበቃው ሁለቱንም አይቷል። ደግሞ ሥራውን እዩት። በዚያ ጉም ከአንዱ ችካል ሌላው አይታይም። ሰባቱም ግን እኩል አርባ እርምጃ ነው የተጓዙት፤ መስመራቸው አልተወላገደም። ይህ የሜትርና የገመድ ሥራ ነው፤ የባለሙያ እጅ ነው። ችካል የሚመታው ደግሞ ድብልብል የእንጨት መዶሻ ነው።»

ሳምሶን መሬት መሬት ያይ ነበር።

«በዘጠኙ ሚኒባስ ሄድኩ፣ መንገዱ ሰላም ነበር አልከኝ። ትናንት ከስምንት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት በዚያ መንገድ ያለፈ መኪና የለም፤ አይሱዙ ተገልብጦ ዘግቶት ነበር። መዘጋቱን ያላወቅኸው በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ ስላልነበርክ ነው፤ ማታ ስታልፍ ተከፍቶ ነበር።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንድምህንም ጠየቅሁት። ለምን እንደምጠይቀው አላወቀም፤ እውነቱን ነገረኝ። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣ፤ ሱሪው እስከ ጭኑ ርሶ ነበር አለኝ።»

ሳምሶን ሲናገር ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር።

«ሎጁ ከተሠራ ለወንድምህ የዘበኛ ቤት አለው ተባልኩ። የጭቃ ቤት አይደለም፤ ብሎኬት።»

«ማን አለህ?»

ቀና ብሎ ኃይለ ገብርኤልን አየው።

«ችካል ንቀል አላልኩትም» አለ ኃይለ ገብርኤል። «መስመሩ ውሃው ጋ ቢደርስ ደስ ይለኛል ነው ያልኩት።»

«ለዓቃቤ ሕግ ይደግሙታል። እርስዎም አብረውን ይሄዳሉ» አለችና ወደ ሳምሶን ዞረች። «ከዚያስ?»

«ሰባተኛውን ስመታ ከጉሙ ውስጥ ወጡ። "ሳምሶን፣ አንተ ነህ?" አሉኝ። አልተቆጡም። "ና፣ አብረን እንመልሳቸው፤ ለማንም አልናገርም" አሉኝ። ከዚያ ችካሉን ሊነቅሉ ጀርባቸውን ሰጡኝ። የወንድሜ ልጆች ዓይኔ ላይ ድቅን አሉብኝ፤ መዶሻውን አነሣሁ። ሌላ አላየሁም።»

ወይዘሮ ሀይማኖት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ኋላ ላይ እንደ ደንቡ ስብሰባው ለሌላ ቀን ተዛውሯል ለማለት ስትነሣ ሼህ ዓብዱራህማን ቀደሟት።

«ስለ አጥሩ ተጣልተን ይሆናል» አሉ። «ዛሬ ግን አንድ ሥራ ነው ያለን። ሰውየውን እንቅበር።»

ከጠዋት ጀምሮ በጥርጣሬ ሲያዩአቸው የነበሩት ሰዎች ዓይናቸውን ሰብረው ተከተሏቸው።

ኃይለ ገብርኤል በወረዳው ፖሊስ መኪና ቀድሞ ሄደ። ሳምሶን በንጋቷ መኪና የኋላ ወንበር ላይ በካቴና ታስሮ ተቀመጠ። ደብረ ብርሃን አጠገብ የመጠለያው ሸራዎች ከሩቅ ሲታዩ ጎንበስ አለ።

«ኢንስፔክተር፣ በሌላ መንገድ አይኬድም?»

«የለም» አለ ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ።

ከመንገዱ ዳር ጋቢ የለበሰ፣ ቀጭን ሰው ብቻውን ቆሟል። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ አንገቱን እያሰገገ ያያል። የፖሊሱን መኪና ሲያይ ስልኩን እንደጨበጠ እጁን ከፍ አደረገ። ኢንስፔክተሯ ከደወለችለት በኋላ መጠለያው ውስጥ መቀመጥ አልቻለም ነበር።

«አድማሱ ነው» አለ ሳምሶን። «አያቁሙ። እባክዎን።»

ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰና ንጋቷን አያት። ንጋቷ የመኪናውን መስኮት አወረደች።

«አቁም» አለችው።