በሩ ሳይከፈት ግማሽ ሰዓት

ቁልፍ ሠሪው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ሰፈሩ ግን «አይሆንም» ይለዋል። ሊብሬው ካልታየ አይሆንም፣ የመኪናው ባለቤት ካልመጣ አይሆንም። ገበያ የሚያርቀው ይኸው አፉ ነው እያሉ ይስቁበታል።

ወተት አከፋፋይዋ ወደ ጠባቧ ሱቁ የገባች ቀን ግን ያቺ ቃል ቶሎ ከአፉ አልወጣችም። ያላት አንድ የመኪና ቁልፍ ወተት ስታራግፍ የት እንደወደቀ ሳታውቅ ጠፍቶባታል። የመኪናው ወኪል ዋጋ ሲጠራላት ጆሮዋን ተጠራጠረች፤ ያውም አርባ ቀን ጠብቂ ተብላ።

«የሚያስወድደው ሪሞቱ ነው» አላት። «ሪሞት የሌለው ባለ ቺፕ ቁልፍ ልቅረጽልሽ። በሩን በእጅሽ ትቆልፊያለሽ እንጂ ሞተሩ ያው ይነሣል። ካሉሽ ዋጋ ሩቡን አይሞላም።»

ፊቷ በራ። ዐይን ለዐይን ተያዩ፤ አንዳቸውም ቀድመው አላቀረቀሩም።

«ሊብሬው በማን ስም ነው?»

«በታላቅ ወንድሜ።»

«እንግዲያው እሱ ይምጣ።»

«እሱ ከመጣማ መኪናው ተሸጠ በለው! ቁልፉ ሌባ እጅ ገብቷል፣ አንቺም ጎህ ሳይቀድ ብቻሽን ነው የምትወጪው እያለ እንቅልፍ አጥቷል። ገዢ ሁሉ አግኝቷል። እኔ ደግሞ ያለዚህ መኪና ምን አለኝ? አባታችን የተወልን እሱን ነው።»

«ገብቶኛል። ግን አይሆንም።»

«ለካ ስምህን በከንቱ አላወጡልህም!» ብላ በሩን አላትማ ወጣች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወንድምየው ራሱ ደወለለት። «ገዢው በስድስት ሰዓት ይመጣል። ቁልፍ የሌለው መኪና ማን ይገዛል? ናና ሥራልን።»

ቁልፍ ሠሪው ዕቃውን ተሸክሞ ደጃፋቸው ደረሰ። ሊብሬውን አየ። የበሩን ቁልፍ ቀዳዳ በቀጭን ብረት እየዳበሰ የጥርሱን ልክ አነበበ፣ በትንሿ ማሽኑም አዲስ ቁልፍ ቀረጸ። በሩ ተከፈተ።

«አሁን ሞተሩ ቁልፉን እንዲያውቀው ኮድ እናስገባለን። ይቺ መኪና ጠባይዋ ክፉ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ታስጠብቃለች። መሀል ላይ በር ከተከፈተ እንደገና ከአንድ ነው።»

ወንድምየው እህቱን ከማያውቀው ጎረምሳ ጋር ግማሽ ሰዓት ዘግቶባት ሊሄድ ነው? የኋላ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። እሷ መሪው ጋ፣ ቁልፍ ሠሪው መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከጎኗ።

ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

«መስኮትስ አይከፈትም?» አለ ወንድምየው ላቡን እየጠረገ።

«መስኮት ይቻላል፣ ጋሼ።»

«ተመስገን! እሱንም አይሆንም ትለኛለህ ብዬ ነበር።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ሰዓቷን ስታይ ግን ሳቁም ከሰመ። ለስድስት ሃያ ጉዳይ። ልጆቼ፣ ግማሽ ሰዓት አጭር የሚመስለው ላልጠበቀ ሰው ነው።

ቀስ ብላ ወደ ጎን ዞረችና አየችው። ዐይኗ «ቁልፉ አልሠራም በለው» ይለው ነበር። አልሠራም ቢል ገዢው ይመለሳል። ማን ይመረምረዋል?

ገባው። ጣቱን ግን ከመሣሪያው አላነሣም።

ቀይዋ መብራት ጠፋች።

«አስነሺው» አላት፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው።

አዞረችው። ሞተሩ ባንዴ ተነሣ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

ወንድምየው ሊወርድ እጁን ሲዘረጋ ቁልፍ ሠሪው ዞረ። «ጋሼ፣ የሚሸጡት በጠፋው ቁልፍ ምክንያት ከሆነ አንዴ ይስሙኝ። እሱን ከመኪናው ሰርዤዋለሁ። ሌባ ቢያገኘውም ሞተሩ አይነሣለትም። በሩን ግን ይከፍትለታል፤ ይህን አልደብቅዎትም። የበሩ መቆለፊያ ውስጡ መቀየር አለበት።»

«የበሩን ባትነግረኝ ምን ይቀርብህ ነበር?»

«ምንም።»

ወንድምየው የዘረጋውን እጁን መለሰ። በስፖኪዮው የእህቱን እንባ አየ። «እኔ እኮ ለብረቱ አይደለም የፈራሁት፤ ላንቺ ነው» አላት ቀስ ብሎ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ገዢውን፣ «አትድከም ወንድሜ፣ መኪናው አይሸጥም» አለው። ወደ ቁልፍ ሠሪው ዞሮም፣ «የበሩን ነገ ትቀይራለህ» ብሎ ወረደ።

ሁለቱ ቀሩ።

«ዐይኔን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ጨከንክ?»

«ዛሬ ላንቺ ብዬ ወንድምሽን ብዋሸው፣ ነገ አንቺ እኔን በምን ታምኚኛለሽ?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እሱም መሣሪያውን ሰብስቦ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ እሱ ያውቃል።

በማግስቱ ወተቷን አዳርሳ ስትጨርስ ሱቁ በር ላይ ቆመች። እሱ አንገቱን አስግጎ መንገዱን ግራ ቀኝ አየ።

«መኪናውስ?»

«ከሰዓት ወንድሜ ያመጣዋል።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ለራሴ ነው የመጣሁት፤ በእግሬ።»

በሱቁ ውስጥ ካለችው አንዲት ወንበር ላይ የቁልፎቹን ሣጥን አነሣ። አቧራውን በእጅጌው ጠረገላት። እሱ ቆሞ እሷ ተቀመጠች።