ሦስት ኢንች ነፋስ

ኢላይ ኩርኖ የሞተው፣ አብረው መከፈት የሌለባቸው ሁለት በሮች አብረው ስለተከፈቱ ነው።

«ዊንቻት» የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መጀመሪያ ካሠራቸው አውዳሚ መርከቦች አንዷ ነበረች፤ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ለፍጥነት ብቻ የተሠራች። በሙሉ ኃይል ስትሮጥ የምድጃ ክፍሎቿ ይታሸጉና ማራገቢያ ነፋስ ይሞላባቸዋል። ነፋሱ ሌላ መውጫ ስለማያገኝ በምድጃው ውስጥ አልፎ በጭስ ማውጫው ያመልጣል፤ እሳቱም ያገሳል። ሰው የሚገባውና የሚወጣው ከላይ አንድ ክዳን፣ ከታች አንድ በር ባላት ጠባብ መተላለፊያ ነው። አንዱን ሳይዘጋ ሌላውን የከፈተ ነፋሱን ያስመልጣል፤ ያን ጊዜ እሳቱ በጭስ ማውጫው መውጣቱን ትቶ በምድጃው አፍ ወደ ሰው ይተፋል።

ሐሙስ ጠዋት በዓመታዊው የፍጥነት ሙከራ ላይ፣ ከፕሊመዝ ወጣ ብሎ፣ ተፋ። የእሳት አንዳጆቹ አለቃ ኩርኖ አካፋውን እንደያዘ ተገኘ። ሃያ ሁለት ዓመት እሳት ፊት የቆመ ሰው ነበር።

መርከቧ ዴቨንፖርት ስትደርስ ገዳዩ ተይዟል ተብሎ ነበር። ማይክል ኑናን የሚባል የሃያ አራት ዓመት አየርላንዳዊ እሳት አንዳጅ እጁ በብረት ታስሮ ከመልሕቁ ሰንሰለት አጠገብ ተቀምጧል። ማክሰኞ ከኩርኖ ጋር በቡጢ ተማቷል። ሐሙስ ከምድጃው ክፍል በወጣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ኩርኖ ተቃጠለ። ከሁለቱ በቀር በክፍሉ ማንም አልነበረም፤ ሦስተኛው ሰው ቀደም ሲል በሙቀት ወድቆ በቃሬዛ ተወስዷል። እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ሌላ ማስረጃ ካልተገኘ ኑናን ለባሕር ኃይሉ ፍርድ ቤት ይሰጣል፤ መርከቧም ወደ ጂብራልታር ትሄዳለች። በዚያ ፍርድ ቤት ለነፍስ ግድያ የሚሰጠው ቅጣት አንድ ብቻ ነው።

ጉዳዩን እንዲያጣራ የተላከው የመርከብ ግቢው ፖሊስ ኢንስፔክተር ሖራስ ቲፔት ነበር። አጭር፣ ወፍራም፣ ግራ ጆሮው የማይሰማ ሰው ነው። ይህ ጆሮው ሥራውን ያግዘው ነበር። «ይቅርታ፣ አልሰማሁም» ይልና ሰዉ ያንኑ ነገር ሁለት ጊዜ እንዲናገር ያደርጋል።

መጀመሪያ ወደ ኑናን ሄደ።

«ገደልከው?»

«ብገድለውማ እዚህ እንደ ዶሮ ታስሬ እገኝ ነበር? ባሕሩ ሰፊ ነው ጌታዬ።»

«ለምን ወጣህ?»

«የአጃ ውሃ ላመጣ ነዋ። በየሰዓቱ፣ ሰዓቱ ከሞላ ከአሥር ደቂቃ በኋላ፣ ትንሹ ሰው ባልዲ ይዞ ይወጣል። መርከቡ ሁሉ ያውቀዋል። የምድጃ ሰው ያንን ካልጠጣ ሆዱን ይቆርጠዋል።»

«በሩንስ ዘጋኸው?»

«ምኑን እዘጋዋለሁ? ራሱ ነው የሚዘጋው!»

«አልሰማሁም።»

«ራሱ ነው የሚዘጋው አልኩ! አለቆቼም እንደ እርስዎ አይሰሙም፤ እነሱ ግን ሁለቱም ጆሯቸው ደህና ነው።»

ቲፔት ፈገግ አለ። «ማክሰኞ ለምን ተማታችሁ?»

ኑናን ዓይኑን ወደ ሰንሰለቱ መለሰ። «እሱ ነው የመታኝ። ቡና ቤት ውስጥ ስለ ቦይለሩ ቱቦዎች አወራሁ። ተበልተዋል፤ አንዱ በፈነዳ ቁጥር ጫፉ ላይ የብረት ውታፍ ይመታበትና ይቀጥላል። ሽማግሌው ውጭ ጎትቶኝ አፌን አለኝ። ‹ሰኞ ጂብራልታር ላይ መርማሪ መሐንዲሶቹ ሲመጡ እኔ እናገራለሁ፤ የሠላሳ ዓመት ሰው ሲናገርና አንተ ሰክረህ ስትለፈልፍ አንድ አይደለም› አለኝ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ነው ያገለገለው።»

«ሲቆጣ ይጨምር ነበር።» ፈገግ ሊል ሞከረና አቃተው።

«እንደሚናገር ሌላ ማን ያውቃል?»

«አለቆቹ ናቸዋ። በመርከብ ደንብ አለቃህን ሳታስታውቅ በላዩ አታልፍም። ኩርኖ ደግሞ ደንብ አክባሪ ነበር፤ አፈር ይቅለለው።»

የመርከቧ አዛዥ ሌተናንት ሃስልደን የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነው። ቲፔትን ያነጋገረው ቆሞ ነው።

«ኩርኖ ስለ ቱቦዎቹ ነግሮኛል፤ አልክድም። መሐንዲሱን ጠየቅሁት፤ ‹ባለፈው ዓመት ተለውጠዋል› አለኝ። መዝገቡም እንደዚያው ይላል።»

«እርስዎ መዝገቡን አመኑ።»

«መሐንዲሴን አመንኩ። ሐሙስ ሲቃጠል እኔ የመሪው ሰገነት ላይ ነበርኩ፤ መሪ ያዡ ምስክሬ ነው። ባሕሩ እንደ መስታወት ተኝቷል፣ ሽው የሚል ነፋስ እንኳ የለም፤ ለፍጥነት ሙከራ እንዲህ ያለ ቀን በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው። ነበልባሉ በክዳኑ ሲወጣ አየሁና ‹ቁም› ብዬ ለሞተር ክፍሉ ደወልኩ። አምስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ፤ ወዲያው ጽፌዋለሁ።»

መካኒኩ ዊልፍ ባሴት የኩርኖን ልጅ ለማግባት ጠይቆ የተከለከለ ሰው ነው። ይህን ራሱ ተናገረ፤ ሌላ ሰው ከሚነግርበት ብሎ።

«‹በዘይት ጨርቅ ፊትህን የምትጠርግ ሰው ልጄን አታገባም› አለኝ። እሱ በምን እንደሚጠርግ እንጃ።»

«አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ የት ነበርክ?»

«የእንፋሎቱ መዘውር ላይ። በዚያ ፍጥነት እጄን ካነሳሁ ሞተሩ ተበታትኖ ጭናችን ላይ ያርፋል። አዛዡ ‹ቁም› ብሎ ሲደውል እስከ ሦስት ሳትቆጥር ዘጋሁት።»

«መሐንዲሱስ?»

«ከጀርባዬ፣ መጻፊያው ጋ ነው የሚሆነው።»

«ነበር ወይስ ነው የሚሆነው?»

ባሴት እጁን ጨርቅ ላይ ጠረገ። «ዞሬ አላየሁም ጌታዬ። እዚያ ቦታ የሚዞር ሰው የለም።»

የመጨረሻው ሰው መሐንዲሱ ክራይተን ሞፋት ነበር። የሃምሳ ዓመት ስኮትላንዳዊ ነው፤ ባርኔጣው ሰፍቶት ጆሮው ላይ ይወድቃል።

«አምስት ሰዓት ከሩብ የሚሞላውን መስመር እየጻፍኩ ነበር። በየሩብ ሰዓቱ የየክፍሉን የነፋስ ግፊት፣ ውሃውን ስንት ኢንች እንደገፋው፣ ከመለኪያው አንብቤ በሙከራው ወረቀት ላይ እሞላለሁ። ወረቀቱ ይኸው።»

«ይቅርታ፣ ይህ ጆሮዬ...»

ሞፋት ድምፁን ከፍ አደረገ። «አነበብኩ፣ ጻፍኩ፣ ጩኸት ሰማሁ! ሞተሩ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ መሰላሉን ወጥቼ ወደ ፊት ሮጥኩ። ኩርኖን ካወጡት አንዱ ነኝ።»

«ባርኔጣው የእርስዎ ነው?»

«የአዛዡ ነው፤ ተውሼ ነው። የኔን ስሮጥ ነፋስ ወሰደብኝ። ይህ ደግሞ ምን ያደርግልዎታል?»

«ምንም። ሰፍቶዎት አይቼ ነው።»

ቲፔት ወደ ፊተኛው የምድጃ ክፍል ወረደ። እሳቱ ጠፍቷል፤ ግድግዳው ግን ገና ይሞቃል፣ ሽታውም አልወጣም። ማራገቢያውን እንዲያስነሱለት አዘዘ። ነፋሱ ክፍሉን ሲሞላ ደህናው ጆሮው ተደፈነ። የታችኛውን በር በሙሉ ኃይሉ ስቦ ከፈተና ለቀቀው። በሩ ልክ እንደ መድፍ ጮኾ ተዘጋ። ሦስት ጊዜ ሞከረው፤ ሦስቱንም ጊዜ ተዘጋ።

ከዚያ ተንበርክኮ የወለሉን ብረቶች አንድ በአንድ አነሳ። ልብሱ ጠቆረ። ከበሩ ሥር፣ ከአመዱ ውስጥ፣ የአውራ ጣት የሚያህል ጫፉ የሾለ ብረት አገኘ። አንድ ጎኑ ተጨፍልቋል፤ በበሩ ጠርዝ ላይም ልኩ የሆነ ስርጉድ አለ።

ቀጥሎ የመርከቧን የአገልግሎት ታሪክ ጠየቀ። ሰባት ዓመት ነው፤ የፍጥነት ሙከራዎቿ፣ ግጭቶቿ፣ ጥገናዎቿ። መጀመሪያ የተሞከረች ጊዜ የተጻፈው የነፋስ ግፊት ይዋልላል፤ ሁለት ኢንች ተኩል፣ ሦስት፣ ሁለት ከሦስት ሩብ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን አይዋልልም። ቲፔት ገጾቹን ገለጠ፣ ተመልሶ ገለጠ። ከዚያ ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ከሩብ ሆኗል።

ዘጠኝ ተኩል ላይ አምስቱ በመኮንኖቹ መመገቢያ ክፍል ተሰበሰቡ። ጠረጴዛው ላይ ማንም ያልነካው የበሬ ሥጋ ቀዝቅዟል። ኑናን በሩ አጠገብ ታስሮ ቆሟል፤ ውጭ ሦስት ወታደሮች ይጠብቃሉ።

«የታችኛው በር በራሱ ይዘጋል» አለ ቲፔት። «ክፍት እንዲቆይ አንድ ነገር መወተፍ አለበት። ስለዚህ ቸልተኝነት አይደለም። የገደለው ሰው ነው።»

ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«የቱቦ ውታፍ» አለ ባሴት ፈጥኖ።

«ማን ጋ ይገኛል?»

«መሐንዲሱ ሣጥን ውስጥ። ሲያስፈልገኝ ይሰጠኛል። እሳት አንዳጆቹ አይነኩትም።»

«እንግዲህ ወይ አንተ ነህ ወይ እሱ። አዛዡ ሲደውል ሞተሩ በሦስት ሰከንድ ቆሟል፤ መዘውሩ ላይ እጅ ነበረ፤ ያም እጅ ያንተ ነው። ከፊተኛው ክዳን ሮጦ በሦስት ሰከንድ የሚደርስ ሰው የለም።»

ሞፋት ሳቀ። «እኔም ወረቀቴ ላይ ነበርኩ።»

«ወረቀቱ ነው ያጋለጠዎት። አዛዡ ‹ቁም› ያሉት ከሩቡ ሦስት ደቂቃ ቀድሞ ነው። በአምስት ሰዓት ከሩብ ማራገቢያው ቆሟል፣ ክዳኑ ተከፍቷል፣ ኩርኖ ሞቷል። እርስዎ ግን በዚያ ሰዓት በፊተኛው ክፍል ሦስት ኢንች ነፋስ አለ ብለው ጽፈዋል።»



«ቀድሜ ሞልቼው ይሆናል» አለ ሞፋት። «ሁሉም ያደርገዋል። ልማድ ነው።»

«አምናለሁ። እርስዎ በሞሉት የሦስት ዓመት ሙከራ ሁሉ፣ በየመስመሩ፣ ሦስት ኢንች ነው። መለኪያውን አንድም ቀን አላዩትም። ሐሙስ ግን ልማዱን እንደ ምስክር አመጡት። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁዎት፤ ሁለቱንም ጊዜ ከመለኪያው አንብቤ ጻፍኩ አሉኝ። ልማድ ከነበረ ያኔ ለምን አላሉም? ምክንያቱም ቀድመው ከሞሉት፣ እሳቱ ሲነሳ የት እንደነበሩ የሚናገር ወረቀት የለም።»

«ይህ ብቻ ሰው አያሰቅልም።»

«ባርኔጣው ግን ያሰቅላል። ነፋስ ወሰደብኝ አሉ፤ የሮጡት ሞተሩ ከቆመ በኋላ ነው። ሌተናንት፣ መርከቧ ቆማ ምን ያህል ነፋስ ነበር?»

ሃስልደን ቀስ ብሎ መለሰ። «ምንም አልነበረም። ጭሱ ቀጥ ብሎ ነበር የሚወጣው።»

«እንግዲህ ባርኔጣዎ የተወሰደው መርከቧ ሳትቆም ነው፤ ያኔ ወረቀቱ ጋ ሳይሆን ፊተኛው ክዳን ላይ ነበሩ። ሚስተር ሞፋት፣ ኑናን ባልዲውን ይዞ ሲወጣ ጠብቀው ወረዱ፣ የታችኛውን በር ወተፉ፣ መሰላሉን ተመልሰው ወጥተው ክዳኑን አነሱ። የታሸገው ነፋስ ፊትዎ ላይ ወጣ። ኩርኖ ሰኞ ሊናገር መሆኑን ነግሮዎት ነበር። ቱቦዎቹ ተለውጠዋል ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ አልተለወጡም።»

የሞፋት እጅ ወደ ባርኔጣው ሄደ፤ መንገድ ላይ ተወው።

«ወደ ትልቅ መርከብ ልዛወር ስድስት ሳምንት ነበር የቀረኝ» አለ። «ስድስት ሳምንት ዝም በለኝ አልኩት። ለመንኩት። ‹ቱቦው ስድስት ሳምንት አይቆይም› አለኝ።»

ባሴት ተነሳ፤ ቲፔት በዓይኑ አስቀመጠው። ወታደሮቹ ገቡ፤ አንዱ የኑናንን ብረት ፈታና ሞፋት እጅ ላይ አደረገው። ሌሎቹ ሁለቱ መሐንዲሱን ይዘውት ወጡ።

ሃስልደን ሰዓቱን አየ።

«ከጎረቤት መርከብ ሌላ መሐንዲስ ተልኮልኛል። ትእዛዙ አልተለወጠም፤ በአሥር ሰዓት እንነሳለን። ኑናን፣ በደል ደርሶብሃል፤ አዝናለሁ። የእሳት አንዳጅ እጥረት አለብኝ። ፊተኛውን ምድጃ አቀጣጥል።»

ኑናን የእጁን አንጓ እያሻሸ ቆየ።

«ስንት ቱቦ ነው የተወተፈው፣ ጌታዬ?»

«መዝገቡ...» አለ ሃስልደንና ቆመ።

ኑናን ባሴትን አየው። ባሴት ጠረጴዛውን ያያል። ቲፔትን አየው፤ ቲፔት በቦይለር ላይ ሥልጣን የለውም፤ ግን ዓይኑን አላሸሸም።

«አልወርድም» አለ ኑናን።

«ትእዛዝ አለመቀበል እስር ነው። ገና አሁን ከገመድ ወርደህ!»

«አውቃለሁ። ሽማግሌው የሞተው ይህንኑ ሊናገር ነው። እኔም ለዳኛው እናገራለሁ፤ አልሰከርኩም። እስር ቤት ይሻለኛል።»

እጁን ለቀረው ወታደር ዘረጋ፤ ወታደሩ ግን ሌላ ብረት አልያዘም። ኑናን ትከሻውን ነቀነቀና ቀድሞት ወጣ። ወታደሩ ሲከተለው ኑናን በሩን ከኋላቸው ዘጋው።