ከወይፈን ጋር የተወለደች ጊደር

«ከወንድ ጋር መንታ የተወለደች ጊደር አትወልድም። ጄላጋትም ያው ናት!» አለ ኪሙታይ ከኋላ ወንበር።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ቼሩዮት ፈገግ አሉና «በቃ፣ በቃ» ብለው ስለ ፅንስ የሚናገረውን ገጽ «ቤታችሁ አንብቡት» ሲሉ ዘለሉት። ይህም ይሁን። ጄላጋትን ያንገበገባት ግን መንትያዋ ኪፕላጋት ነው። ዘጠኝ ወር በአንድ ማህፀን አብሯት የከረመው ወንድሟ ከሁሉም ብሶ ይገለፍጣል።

«ምን ያስቅሃል?» አለችው ወደ ቤት ሲሄዱ።

«አታካብጂ፣ ቀልድ ነው። ደሞ አክስታችንም ትለው የለ?»

አክስታቸውማ ትላለች። «ይቺን ማን ያገባታል?» ስትል እናታቸው አንገቷን ትደፋለች። በናንዲ ምድር ከብት የማያውቅ የለም፤ እንዲህ ያለች ጊደር ቢላ እንጂ ጥጃ አታይም። የከብቱን ነገር አምጥተው ሰው ላይ እንዲለጥፉት ግን ማን ፈቀደላቸው?

ቅዳሜ የከብት ሐኪሟ ለክትባት በረታቸው መጣች። ጄላጋት የላሟን ቀንድ እንደያዘች ፈርጠም ብላ ጠየቀቻት።

«ዶክተር፣ እኔ መካን ነኝ?»

ሐኪሟ መርፌውን አወረደች። «ማነው ያለሽ?»

«ሁሉም። ከወንድ ጋር ስለተወለድኩ።»

«ስሚ የኔ ልጅ። የመንታ ጥጆች እንግዴ ልጅ ይጣበቅና ደማቸው ይቀላቀላል። ከወንዱ የሚመጣው ንጥረ ነገር የሴቷን እንቁልጢ፣ እንቁላል የሚይዘውን ማለቴ ነው፣ በወጉ ሳይሠራ ያስቀረዋል። ሰው እንዲህ አይደለም፤ አንቺና ወንድምሽ የየራሳችሁ እንግዴ ልጅ ነበራችሁ፣ ደማችሁም አልተቀላቀለም። በስድስት ሳምንታችሁ አንቺና ወንድምሽ አንድ ዓይነት ነበራችሁ፤ ማንም አይቶ አይለያችሁም። ከዚያ ያው የአካል ክፍል ያንቺ እንቁልጢ ሆነ፣ የሱ የወንድ ዘር ፍሬ። እንቁላሎችሽ እናትሽ ፊትሽን ሳታይ ተዘጋጅተው ነበር። ነገ የሚሆነውን ማንም አያውቅም፤ ወንድምሽ ግን ምንም አላስቀረብሽም።»

ጄላጋት ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ይልቅ ንዴቷ ባሰ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እናቷ አንገቷን የደፋችው ለካ በከንቱ ነው! ማታ መጽሐፉን ገለጠች። የስድስተኛው ሳምንት ነገር መምህሩ በዘለሉት ገጽ ላይ ቁጭ ብሏል።

ሰኞ እጇን አወጣች። «መምህር፣ የዘለልነውን ገጽ እኔ ላስረዳ።»

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩና ጠመኔውን ሰጧት።

ሰሌዳው ላይ በአንድ በኩል እንግዴ ልጃቸው የተጣበቀ ሁለት ጥጆች ሳለች። «እምቧ!» አለ ኪሙታይ፤ ጥቂቶች ሳቁ። አልዞረችም። በሌላው በኩል የየራሳቸው እንግዴ ልጅ ያላቸው ሁለት ሕፃናት ሳለችና ሐኪሟ የነገረቻትን አንድ በአንድ አስረዳች። ስትጨርስ የሚስቅ አልነበረም።

የሳለቻቸውን ሕፃናት በጣቷ እያሳየች ጠመኔውን ወደ ኪፕላጋት ዘረጋችው። «ይሄ አንተ ነህ፣ ይቺ እኔ። ስድስት ሳምንት ላይ ምን እንደነበርን አንተ ድገምላቸው።»

ኪፕላጋት ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። «በናትሽ ተቀመጪ» አለ በሹክሹክታ።

ጄላጋት አልተቀመጠችም። እጇን እንደዘረጋች፣ እስኪነሳ ልትጠብቀው ቆመች።