ወደብ ላይ የቀረችው ሳተላይት

ረቡዕ፣ ሚያዝያ ፲፩ ቀን ፳፻፲፭ ዓመተ ምሕረት፣ የፋሲካ ሳምንት ነበረ። በምድር ወገብ አጠገብ፣ ከየብስ ብዙ ቀን በሚያስኬድ ውቅያኖስ ላይ፣ አንድ የውጭ ኩባንያ በተንሳፋፊ የብረት መድረክ ያቆመውን ሮኬት ለኮሰ፤ ሮኬቱም ባሕሩን በጢስ ሸፍኖ ወደ ሰማይ መጠቀ። በዚያችው ሰዓት በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ሴቻ ሰፈር በሚገኝ አዳራሽ፣ ሦስት መቶ ያህል እንግዶች አንድ ዓይነት ቆብ ደፍተው ይህንኑ በሸራ ላይ እያዩ ያጨበጭቡ ነበር። ከነዚያ ሁሉ መካከል የሚጨበጨብላት ሳተላይት በሮኬቱ ውስጥ እንደሌለች የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

አንደኛው የድግሱ ባለቤት፣ የመሬት መንሸራተት ክትትል ፕሮጀክት ዋና ኃላፊ አቶ ሸዋንዳኝ ነበሩ። ሁለተኛው፣ ከጫማ ካርቶን የማትበልጠውን ያቺን ሳተላይት ሦስት ዓመት ደክሞ የሠራት ኢንጂነር ዳና፣ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ የምስክር ወረቀቱን ይጠብቅ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በጥር ነው። ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለው ሸንተረር፣ በኦቾሎ፣ የመንደሩ ቁልቁለት ተሰንጥቆ ነበርና ሽማግሌዎቹ ከስንጥቁ በታች ያሉትን አሥራ አንድ አባወራዎች ለማስነሣት ዱቡሻ በተባለው የሸንጎ ሜዳ ተሰበሰቡ። የመንደሩ ልጅ ዳና ግን ሰዎቹ እንሰታቸውንና የአባቶቻቸውን መቃብር ጥለው መሄዳቸው ከበደውና በመካከላቸው ቆመ፤ «በስንጥቁ ውስጥ የመሬቱን እንቅስቃሴ የሚለኩ ዘንጎች ተክያለሁ፤ በሚያዝያ ሳተላይቴ ስትወጣ ዘንጎቹ የሚልኩትን ተቀብላ ታደርስልኛለች። መሬቱ ከተንቀሳቀሰ እኔ እደውላለሁ፤ እስካልደወልሁ ድረስ ተቀመጡ» አለ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ቃሉን ተቀበሉ፤ አባወራዎቹም ቀሩ።

በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ፣ ከኩባንያው ደብዳቤ መጣ። የአንድ ትልቅ የቴሌቪዥን ድርጅት ሳተላይት ከታሰበው በላይ ከብዶ ስለተገኘ ትንንሾቹ ወደብ ላይ ወርደዋል፤ ወደፊት በሌላ ጉዞ ይታሰብላቸዋል ይላል። ይቅርታ የሚል ቃል እንኳ አልነበረበትም። ዳና ደብዳቤውን ይዞ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባ።

«ክቡር አቶ ሸዋንዳኝ፣ በዓሉ ይሰረዝ። ሳተላይቷ መርከቡ ላይ አልተጫነችም።»

«እንግዶቹ ከአዲስ አበባ ተነሥተዋል፤ በሬው ታርዷል። ሮኬቱ ይነሣል ወይስ አይነሣም?»

«ይነሣል፤ ነገር ግን…»

«እንግዲያውስ እናከብራለን። የእርስዎ ካርቶን በሚቀጥለው ትሄዳለች። ማን ይጠይቀናል?»

«ኦቾሎ ይጠይቀናል።»

«ኦቾሎ!» አሉ አቶ ሸዋንዳኝ እየሳቁ፤ ወዲያው ሳቃቸው ጠፋና፣ «ረቡዕ በአዳራሹ ካልተገኙ ሐሙስ ወደዚህ ቢሮ እንዳይመጡ» ብለው ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት።

ዳና ደሙ ፈልቶ ከቢሮው ወጣ፤ ግን ደሙ የፈላ ሰው የሚያደርገውን አላደረገም። ወደ ኦቾሎ መውጣት ሲገባው ስልክ አነሣ፤ የሸንጎው መሪ ለሆኑት ለሃላቃ ካሱ ደወለ።

«ሃላቃ፣ በጥር የሰጠሁትን ቃል አንሥቻለሁ። ዛሬውኑ ሰዎቹን አስወጡልኝ።»

«ልጄ፣ ዱቡሻ ላይ ቆመህ የሰጠኸውን ቃል በስልክ ታነሣለህ?» አሉ ሃላቃ። «በቆምክበት መጥተህ ቁምና አንሣው። እንዲህማ ጎሜ ነው፤ እኔ ብነግራቸው ማን ይሰማኛል?»

ጎሜ ማለት ሕግ ተጥሶ መዓት የሚያስከትል ነውር ነው። ይህ ዳና ከእናቱ ጡት ጋር የተማረው ነገር ነበር፤ ሆኖም እንጀራውን ፈራ። ማክሰኞ ቆቡን ለካ፤ ረቡዕ በመድረኩ ላይ ስሙ ሲጠራ እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ተቀበለ፤ ሬዲዮውም ይህን ሁሉ ለአገር አሰማ። ሹሙ ዋሸ፤ ኩባንያው ከዳ፤ ይህስ የታወቀ ጠባያቸው ነው። የሚያንገበግበው የዳና ዝምታ ነው፤ እነዚያ ሁለት ቀኖች የኦቾሎ እንጂ የእርሱ አልነበሩምና።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ግን ዝናቡ ሲጠነክር ፍርሃቱ እንጀራውን አስረሳውና፣ ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር በሞተር ተነሥቶ፣ በዝናብ ተደብድቦ ኦቾሎ ገባ። በዱቡሻው ቆሞ፣ «ሳተላይቷ አልወጣችም። ዘንጎቹን የሚሰማ የለም። ትናንት ባዳራሽ የተባለው ውሸት ነው፤ እኔም ከውሸታሞቹ ጋር ተቀምጫለሁ» አለ። ሃላቃ ካሱ ሰዎቹ እንዲነሡ ትእዛዝ ሰጡ። ሳይመሽ አሥሩ አባወራዎች ከብታቸውን ነድተው፣ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ላይ ወጡ።

አሥራ አንደኛው አልተነሣም። እርሱም ዳናን ያሳደጉት አጎቱ፣ ሸማኔው አቶ ጉታ ነበሩ። ዳና ሲገባ በሽመና ጉድጓዳቸው ተቀምጠው መወርወሪያውን ያመላልሱ ነበር።

«አባቴ ይነሡ፤ መሬቱ እየሄደ ነው!»

«መንግሥት ወጥታለች ብሏል። አንተ አልወጣችም ትላለህ።»

«የሠራኋት እኔ ነኝ! ወደብ ላይ ናት!»

አቶ ጉታ እጃቸውን ከሽመናው አላነሡም። «ትናንት በሬዲዮ ስምህ ተጠራ፤ ወረቀት ተቀበልክ አሉ። ሳትወጣ ነው የተቀበልከው?»

«አዎ፤ ሳትወጣ ነው።»

«በጥር አንድ ቃል፣ ትናንት አንድ፣ ዛሬ ሌላ። መንግሥትስ ቃሉን አልለወጠም። እኔ የትኛውን ዳና ልመን?»

ለመነ፤ አለቀሰ፤ ክንዳቸውን ይዞ ሊጎትታቸው ሞከረ። ሽማግሌው ከእጁ አምልጠው ወደ ሽመናቸው ተመለሱ፤ የልጃቸውን ያህል የሚወዱት ሰው በዓይናቸው ፊት ቃሉ የማይታመን ሆኖባቸው ነበርና ከመሬቱ ይልቅ ያ ከበዳቸው። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ቁልቁለቱ ተናደ። አስከሬናቸው በሦስተኛው ቀን ከጭቃው ወጣ።

ዳና ከሥራው ተሰናበተ፤ የስንብቱም ምክንያት «ሕዝብን በሐሰት ወሬ ማደናገር» ተብሎ ተጻፈ። ሳተላይቷ ይህ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ በወደቡ መጋዘን ናት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህን ያለው ሰው የመሥሪያ ቤት መዝገብ ገልጦ አያውቅም። በሰኔ የወጣው የፕሮጀክቱ ዘገባ፣ በአማረ ወረቀት፣ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ታክሎበት፣ እንዲህ ይላል፦ «ከውቅያኖስ ላይ የመጠቀችው ሳተላይት በወቅቱ ባስተላለፈችው ማስጠንቀቂያ አሥራ አንዱም የኦቾሎ አባወራዎች ያለ አንዳች ጉዳት ተርፈዋል።» ነገ ታሪክ ጸሐፊ ሲመጣ የሚያገኘው ይህንኑ ነው። በዚያ ዘገባ መሠረት አቶ ጉታ ዛሬም በሕይወት አሉ።