ማጭዴን የዋጠው ስንጥቅ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ፣ ጠላ አብዝቶ ነው ብዬ የምስቅ ነበርኩ፣ ጋይንት ሳለሁ ጋኔን አየሁ የሚለውን ሁሉ እያሾፍኩበት ነው ያደግኩት፣ እና ወዳጄ፣ አሁን ለአንተ ሳወራ በራሴ አፍራለሁ።

አገሬ ላይ ዝናቡ ወቅቱን እየሳተ እህል ሲነሳን፣ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ ወረድኩ፣ ከሽንፋ ወዲያ አንድ እርሻ ላይ ተቀጠርኩ። እዚያም ዝናቡ ያለወትሮው ቶሎ አቋርጦ፣ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ክንድ በሚውጥ ስንጥቅ ተሰነጣጥቋል። ሰሊጡም ባንዴ ስለደረቀ፣ ፍሬው ሳይረግፍ እንድንደርስበት፣ ሌላ ዓመት በጠዋት ብቻ የሚታጨደውን በቀትርም እናጭደው ነበር።

አንድ ቀን ሌሎቹ ሊያርፉ ወደ ዳሱ ሲሄዱ፣ እኔ መስመሬን ልጨርስ ብዬ ቀረሁ፣ ማጭዴ ከእጄ አምልጣ ስንጥቅ ውስጥ ገባች። ሌላ ማጭድ የሚሰጥህ የለም፣ በደረቴ ተኛሁና እጄን እስከ ብብቴ ሰደድኩ። መጀመሪያ ከታች ውሃ ሲፈስ ሰማሁ፣ እመነኝ፣ ጠብታ በሌለበት መሬት። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ነገር ጣቶቼን አንድ በአንድ ነካካቸው፣ ከዚያ የእጄን አንጓ ያዘኝ።

ብስብ አልወጣ አለኝ፣ ብጮህ የሚሰማኝ የለም፣ ፀሐይዋ ጀርባዬን ትጠብሰኛለች፣ ጀሪካኔ ሁለት ክንድ ርቃ ትታየኛለች። እዚሁ ደርቄ መቅረቴ ነው ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ፀሐይ ዘንበል እስክትል እንደዚያው ነበርኩ።

አብሮኝ የሚያጭደው ሰይድ፣ የወሎ ልጅ ነው፣ ስዘገይበት ሊፈልገኝ መጣ።

«ምን ይዞህ ነው?» አለኝ።

«ሰው» አልኩት።

አልሳቀም፣ ብብቴን ይዞ ሳበኝ፣ ወጣሁ። ክንዴ በእርጥብ ጭቃ ተለውሷል፣ አንጓዬ ላይ የአምስት ጣት ምልክት ነበር። ሰይድ ቢስሚላሂ ብሎ አጠበኝ። አንድ ነገር ግን ለሱም አልነገርኩትም፣ ያ እጅ ወደ ታች አልጎተተኝም፣ እኔ ስወጣ አብሮኝ እየወጣ ነበር፣ ሰይድ ሳያየው ጣቶቹን አላቅቄ የጣልኩት እኔ ነኝ።

ጋይንት ተመለስኩ። ዘንድሮ የኛም ጓሮ፣ አባቴ እንኳ ሲሰነጠቅ አይቶት የማያውቀው፣ አፉን ከፈተ። ባለፈው ሳምንት የቤቱ ቁልፍ እዚያ ውስጥ ወደቀብኝ፣ በሩን በመጥረቢያ ሰብሬ ገባሁ፣ ሚስቴ ይችን ስንጥቅ ፈርተህ በር ሰበርክ ብላ እስካሁን ትቆጣኛለች። እሷ አትሰማውም። ቁልፉ ከስር ያቃጭላል፣ እንካ ተቀበለኝ እንደሚል ሰው።